በአሥር ቀን የሚደርቅ ወለል

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ጓሮ ይኮተኩታል ወይ ከጎረቤት ይጣላል። ካፒቴኑ ሁለቱንም ሞክሮ ስላልሆነለት የጋራዡን ወለል አሳምራለሁ ብሎ ተነሣ።

ካፒቴን የተባለው መርከብ ነድቶ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውልቆ ስለማያውቅ ተሳፋሪው ያወጣለት ስም ነው። ስሙ ቤቱ ድረስ ተከትሎት መጣና ሚስቱም በዚያው ጠራችው። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ሰው አልገጨም፤ አንድ መኪና አልጫረም። ይህንኑ የሚመሰክር ወረቀት በመስታወት ተከድኖ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያውም ከሠርጋቸው ፎቶ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። ሚስቱ ስለ ከፍታው ጠይቃው ነበር። "ምስማሩ እዚያ ስለነበረ ነው" አላት። ምስማሩን ማን እንደመታው አልጠየቀችም።

እሷ ፋርማሲስት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ኋላ ቆማ ለማታውቀው ሰው ሁሉ እውነቱን ስትናገር ኖራለች። "ይሄ ያስቀምጥሃል፣ ከቤት አትራቅ" ስትል ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አታደርግም። ሰዎች አፏን ይፈሩታል፤ ግን ደግሞ ከሌላ ቤት አይገዙም ነበር።

የጋራዡ ወለል ባዶ ሲሚንቶ ነው። በተጠረገ ቁጥር ነጭ አቧራ ያወጣል፤ ዘይት የጠጣው ቦታ ጠቁሯል፤ አቧራው ደግሞ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጥ ቤት ይገባና ሰሃን ላይ ያርፋል።

"ሰው ሳሎኑን ያሳምራል" አለችው ባሏን።

"ሳሎን ውስጥ ምን አለኝ? እንግዳ አይመጣ።"

"ቁጣህን ፈርቶ ነዋ።"

ካፒቴኑ ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። ልጃቸው፣ የፊታችን ሰኞ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትንሿን ልጇን በየጠዋቱ በመኪናው እንዲያደርስላት ለምናው ነበር። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ትንሽ ያልፋል። ካፒቴኑ ይህን ከሰማ ወዲህ መኪናውን በሳምንት ሦስቴ ያጥባል፣ ወንበሩን ይጠርጋል፣ አሁን ደግሞ መኪናው የሚያድርበትን ወለል መስታወት ሊያስመስለው ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሚስቱን ያስጨነቃትም ይኸው ደስታው ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ብሎን ፍለጋ የመሣሪያ ሳጥኑን ስትከፍት አንዲት ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ አገኘች። ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ክዳኑን አይታ አወቀችው። የዓይን ግፊት መድኃኒት ነው። የሻጩ ማኅተም እንደሚያሳየው ከተማውን አቋርጦ፣ ከማታውቀው መድኃኒት ቤት ገዝቶ፣ ከመፍቻ ሥር ደብቆታል። መጀመሪያ የተናደደችው በበሽታው አልነበረም፤ ከሌላ ቤት በመግዛቱ ነበር። ቆይቶ ነው ፍርሃቱ የመጣው። ይህ በሽታ ሰውን ከዳር ከዳር እየበላ እንደሚገባ ታውቃለች። ሰውየው ፊት ለፊቱ ያለውን መርፌ ያያል፤ ከጎኑ የቆመውን በሬ ግን አያይም።

ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ አጠገቡ ስትቀመጥ "ሰውዬው!"፣ "ብስክሌቱ!" ማለት ጀመረች። "አይቼዋለሁ" ይላታል፤ እግሩ ግን ፍሬኑን የሚረግጠው እሷ ከጮኸች በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሦስት ጊዜም "መነጽሬ ቆሽሾ ነው" ብሎ ቁጣው አፍንጫው ላይ ወጣ። ዝም አይነቅዝም ብላ ተወችው። እውነቱን ለመናገር የፈራችው ቁጣውን አልነበረም። የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክቦ የመጣ ዕለት ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቶ ሁለት ወር ሙሉ አልተነሣም ነበር፤ በማንኪያ ነበር ያበላችው። ሁለተኛ ቁልፍ ከእጁ ከወጣ እንደማይነሣ አመነች።

ማክሰኞ ጠዋት ወለል ቀቢው መጣ። ሥራው ስለሚያብረቀርቅ ሰዎች መስታወት ይሉታል። ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ አስሮ ተንበረከከና በመዶሻው እጀታ ወለሉን እዚህም እዚያም እያንኳኳ ጆሮውን ጣለ፤ ሐኪም የበሽተኛ ሆድ እንደሚያንኳኳው። ሚስትየው በዚህ ብቻ ወደደችው። ቀጥሎ ከቦርሳው ሁለት የተቀቡ ጣውላዎች አወጣ።

"ሁለት ዓይነት ነው ያለኝ ጋሼ። ይሄኛው ፈጣኑ ነው። ዛሬ ጠዋት ከቀባሁት ነገ ማታ መኪናዎን ያስገባሉ። ይሄኛው ደግሞ ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ቅብ ነው። መጀመሪያ እርጥበት የሚያግድ ቅብ ይገባለታል፤ በላዩ ላይ ሁለት እጅ ይቀባል። እሱ ግን አሥር ቀን ጎማ አይረግጠውም።"

"አሥር ቀን!" አለ ካፒቴኑ፣ አሥር ዓመት የተፈረደበት ያህል።

"ሰው በማግሥቱ ይሄድበታል። መኪና ነው የማይገባው። የሞቀ ጎማ በደንብ ያልደረቀ ቅብ ላይ ካደረ፣ ሲነሣ ልጦት ነው የሚሄደው።"

"ፈጣኑን ቀባልኝ።"

"እሱን እርስዎም እኔም አንወስነውም፤ ወለሉ ነው የሚወስነው" አለ መስታወት። "ከሥር እርጥበት ካለ ፈጣኑ ዓመት ሳይሞላው ይነሣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው?"

ከዚያ ክንድ በክንድ የሆነ ግልጽ ላስቲክ አወጣ። በግራው ግድግዳ በኩል ወለሉ ላይ ዘረጋውና አራቱንም ጠርዝ በቀይ ፕላስተር አጣብቆ ዘጋው። ወለሉ እርጥበት ካለው እስከ ነገ ላስቲኩ ሥር ላብ ይወጣል፤ ከሌለው እንደ ደረቀ ያድራል። ጋራዡ አንድ መኪና ተኩል ይይዛል። መስታወት በእጁ እያመለከተ "በቀኝ በኩል ያስገቡ፣ ጋሼ። እዚህ እንዳይደርሱ ብቻ" አለ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ነድቻለሁ እኮ" አለ ካፒቴኑ።

ሚስትየው የሁለቱንም ቅብ የመመሪያ ወረቀት ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። ወረቀት ካየች ሳታነብ አታልፍም፤ የሥራዋ አመል ነው። ከሁሉ አንድ ቃል ላይ ቆመች፤ አሥር ቀን የሚለው ላይ። አርብና ቅዳሜ ቢቀባ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ጋራዥ አይገባም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ ነዳጅ ሊቀዳ ወጣ። ተመልሶ ከጋራዡ ወደ ወጥ ቤት በምታስገባው በር ገባ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ውሃ ጠየቃት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ስትል የግራ ጫማው ሥር አንድ ክንድ የሚሆን ቀይ ፕላስተር ተጣብቆ፣ ጫፉ ላይ የተቀደደ ላስቲክ ተንጠልጥሎ አየች። ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ እየጎተተው መጥቷል። እሱ አላየውም። ውሃውን ጠጥቶ፣ ነዳጅ ማደያው ስለነበረው ሰልፍ አውርቶ፣ ጫማውን አውልቆ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ፕላስተሩን ከጫማው ላቀቀችና ጋራዡን ከፈተች። የመኪናው የግራ የፊት ጎማ ላስቲኩ ላይ ቆሟል። የግራው ስፖኪዮ ከግድግዳው የራቀው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። በቀኝ በኩል ሌላ መኪና ሊያስገባ ምንም የማይቀረው ባዶ ቦታ ተንጣሏል። ፕላስተሩ ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ በእጅ ተጠቁሞ ተነግሮታል። ትንሿ ልጅ ከመኪናው ስትወርድ ሁልጊዜ በግራ በኩል ዞራ ነው የምትመጣው። ፈራች፤ ፍርሃቷ ደግሞ ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። የተቆጣችው በእሱ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ "ብስክሌቱ!" ስትል በከረመችው ሴት ላይ ጭምር ነው።

ለልጇ ደወለች።

"አባትሽ ዓይኑ ደከም ያለ ይመስለኛል" አለቻት።

"መነጽር ይቀይራላ።"

"ልጅቷን... ለጊዜው ሌላ ሰው ቢያደርሳት ይሻል ይሆን ብዬ ነው።"

"እማዬ! አባዬ ነው እኮ! ከሱ የበለጠ ሹፌር ከየት ላምጣ?" ሳቀች። "አንቺ መቼም መኪና ስትፈሪ ነው የኖርሽው። ደግሞ ልጅቷ ይሄን ቀን ስትጠብቅ እንቅልፍ አጥታለች።"

የጠብታውን ጠርሙስ ነገር ልትነግራት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልጇ ለአባቷ ትነግረዋለች፣ እሱም ከጀርባው እንደተማከሩበት ያውቃል። "እሺ በቃ፣ ሰላም ዋይ" አለችና ዘጋች። ለማታውቃቸው ሰዎች የነበራት አፍ ለቤቷ ሲሆን እንደሚያጥራት ያን ዕለት ገባት፤ አፈረችም።

በማግሥቱ መስታወት መጥቶ የተቀዳደደውን ላስቲክ ብድግ አድርጎ አየው።

"ድመት ይሆናል" አለ ካፒቴኑ።

ቀቢው ላስቲኩ ላይ የታተመውን የጎማ ጥለት በጣቱ ተከተለው። "ጎማ ያላት ድመት ናት?"

"የዚህ ጎረቤት ድመት የሌላት ነገር የለም።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ድመቷ በዚያ ጠዋት ከዛፍ ላይ ወፍ ከማውረድ ጀምሮ ጥፋቷ ሁሉ ተቆጠረባት። መስታወት አልተከራከረም። ሌላ ላስቲክ ዘረጋ፤ በሌላ ፕላስተር ዘጋው፤ "ዛሬ መኪናው ውጭ ይደር" አለ። ካፒቴኑ መኪናውን አውጥቶ ከመንገዱ ዳር ሊያቆም ሄደ። አንዱ ጎማ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ፤ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ቀቢው የጋራዡ በር ላይ እጁን አጣምሮ እስኪያበቃ ድረስ አየ። ከዚያ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሚስትየው ጋራዡ ውስጥ ነበረች። ተንበረከከች፤ የጉልበቷ ነገር ቀላል አይደለምና ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። የላስቲኩን አንድ ጠርዝ በጥፍሯ አነሣች። ወለሉ ደረቅ ነው። እንደ ዱቄት ደረቅ። ለካፒቴኑ ፈጣኑ ቅብ ሊቀባለት ነው፤ ቅዳሜ ማታ መኪናው ይገባል፤ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ከወጥ ቤት ይዛ የመጣችው ልብስ ሲተኮስ ውሃ የሚረጭበትን ጠርሙስ ነበር። ይዛው የመጣችው ምን ልታደርግበት እንደሆነ ከትናንት ጀምሮ ብታውቅም እጇ እምቢ አላት። በሠላሳ ዓመት አንድ መድኃኒት ላይ የሐሰት ወረቀት ለጥፋ አታውቅም። አንዴ አለቃዋ ቀኑ ያለፈበት ሽሮፕ ላይ ቀን ለውጪ ቢላት ሽሮፑን ፊቱ ላይ ልታፈሰው ምንም አልቀራት ነበር። አሁን ግን ልጅቷን አሰበች፤ ባሏ ግድግዳ እያየ የተኛባቸውን ሁለት ወራትም አሰበች። ሁለቱንም ማዳን የምትችልበት መንገድ ይሄ ብቻ መሰላት። ጠርሙሱን ከላስቲኩ ሥር አስገብታ ረጨች። ፊስ፣ ፊስ። ትንሽ ቆየችና ጨመረችበት። ከዚያ ፕላስተሩን መልሳ በመዳፏ አጣበቀችው።

ሦስት ሰዓት ላይ መስታወት መጣ። ካፒቴኑ ከኋላው ቆመ፤ ሚስትየው በሩን ተደግፋ። ቀቢው ፕላስተሩን ላቀቀና ላስቲኩን ገለጠ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱ ነካ። ብዙ ቆየ።

"ደረቅ ነው አይደል?" አለ ካፒቴኑ። ከቆመበት እስከ ላስቲኩ ሁለት እርምጃ ነበር።

መስታወት ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሚስትየው ሄደ።

"እርስዎ ምን ይላሉ፣ እትዬ?"

"እርጥብ ነው" አለች።

"እርጥብ ነው፣ ጋሼ" አለ ቀቢው ላስቲኩን እያጠፈ። "ከታች ውሃ አለው። ኢፖክሲው ነው የሚሆነው።"

ካፒቴኑ ከግንበኛው ጀምሮ ቤቱን የሠሩትን ሁሉ እየረገመ ወደ ውስጥ ገባ። መስታወት ሜትሩን አውጥቶ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"እትዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ወለል አይቻለሁ። ከመሬት የሚወጣ ውሃ ሲሚንቶውን ያጠቁረዋል እንጂ ክብ ክብ ሠርቶ ላዩ ላይ አይቀመጥም። ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የተለጠፈ ፕላስተር አቧራ ይይዛል።"

ፊቷ ጋለ። "ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

"ትናንት ሲያቆሙ አየኋቸው።" ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "ኢፖክሲው ለወለሉም አይከፋውም፤ ዕድሜው ረጅም ነው። ግን አሥር ቀን አሥር ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እኔ የምቀባው ነገር የለኝም።"

አርብና ቅዳሜ ወለሉ በማሽን ተፋቀ፤ ተጠረገ፤ ተቀባ። አቧራው ቤቱን ሞላ፤ ሽታው ሁለት ቀን ራስ አዞረ። ካፒቴኑ ኮፍያውን ደፍቶ ከበሩ ሳይለይ "እዚያ ጋ አልፈኸዋል" እያለ ቀቢውን አሰለቸው፤ ያለፈው ቦታ ግን አልነበረም። የመጨረሻው እጅ ሲያልቅ ወለሉ ዝናብ ያረፈበት አስፋልት ይመስል ነበር። ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆሞ "ቆንጆ ነው" አለ። ሚስቱ ምን ያህሉን እንዳየ አላወቀችም።

መኪናው ሸራ ለብሶ መንገድ ዳር ቆመ። ካፒቴኑ መኪናው በጋራዡ ወለል ምክንያት ሸራ እንደለበሰ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ አስረዳ። "ታዲያ ከዚያው አንሥተህ አትነዳውም?" ያለው ጎረቤት ነበር፤ በዚህ ሰበብ ሁለቱ ለሦስት ቀን አልተነጋገሩም። ለሚስቱ ደግሞ "ከመንገድ ላይ ከተነሣ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል" አላት። እውነት ነው፤ መንገዱ ጠባብ ነው። ምክንያቱ ይበቃኛል ብላ ተቀበለችው፤ እንዲያውም እንዲህ ቶሎ መስማማቱ ገረማት። ልጃቸው ለጊዜው ብላ ልጅቷን የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ላይ አስመዘገበቻት። ሰኞ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጅቷ አልቅሳ ሄደች፤ ማክሰኞ ሳታለቅስ፤ ረቡዕ ከጎኗ ስለምትቀመጥ ልጅ እያወራች።

ሐሙስ ካፒቴኑ ሳይናገር ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

"የት ሄደህ ነው?"

"አውቶቡስ ተሳፍሬ ነው። እስከ መጨረሻው ሄጄ መጣሁ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ያለውን ኩርባ እንዴት እንደሚዞረው ብታዪ! ሰው አይደለም የጫነው፣ ድንች ነው!"

"ነገርከው?"

"ሁለቴ። 'አባት፣ ቁጭ ይበሉ' አለኝ።"

አርብም ሄደ፤ ቅዳሜም ሄደ። ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሲመለስ የሹፌሩን ጥፋት ይቆጥራል። ማታ ማታ ግን ዝም ማለት ጀመረ። ሚስትየው በቀኑ ወሬው ደስ እያላት በማታው ዝምታ ትጨነቅ ነበር። ተንኮሏ የሠራ መሰላት።

ማክሰኞ፣ በአሥረኛው ቀን፣ መስታወት መጥቶ ወለሉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አድርጎ አየና "ይግባ" አለ። ይመቻችሁ ብሏቸው ሄደ። ልጃቸው ከሥራ ቦታዋ ደውላ ለሚኒባሱ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ እንደምትነግረው ተናገረች። ካፒቴኑ ከግድግዳው ምስማር ላይ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። ሚስትየው ያኔ ነው አሥሩ ቀን ምን እንደሆነ የገባት። ቅብ ደረቀ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ዓይኑ ያው ነው፣ ልጅቷ ያችው ናት፣ ቁልፉም እጁ ላይ ነው።

ተከትላው ወጣች። ካፒቴኑ ግን ወደ መንገዱ አልሄደም። አዲሱ ወለል መሐል ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክር ነበር።

"ስንት ጊዜ ነው የረጨሽው?" አላት።

"ምኑን?"

"ላስቲኩ ሥር። እኔ አራት ቆጥሬያለሁ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር።"

"አምስት ነው" አለች። ልክ ያልሆነ ቁጥር ማለፍ አልቻለችም።

"ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።" ስለ ዓይኑ በአፉ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

"ከሰማህ ለምን ዝም አልክ?"

"አሥር ቀን ማረፍ ፈልጌ ነው። መሪ ስይዝ እጄ ላብ በላብ ነው የሚሆነው፤ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አትጠይቂኝ።" ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። "አንቺስ? ለአገሩ ሁሉ 'ያስቀምጥሃል' ስትዪ ኖረሽ፣ ለኔ ሲሆን በውሃ? ሌባ መሰልኩሽ? ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ቁልፉን ትሰጠኝ ነበር?"

"እሰጥሽ ነበር።"

"አትሰጠኝም ነበር።"

ተናዶ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከመንገዱ የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር።

"አልሰጥሽም ነበር" አለ። "አሁን ጠይቂኝ።"

ያን ጠዋት ተንበርክካ መርጨት ከዚህ ይቀል ነበር። ፊቱን እያየች፣ ለበሽተኛ እንደምትናገረው አድርጋ ተናገረች።

"ዓይንህ ጎንህን አያይም። መድኃኒቱም የጠፋውን አይመልሰውም፤ ባለበት ቢያቆመው ነው። ከነዳህ ሰው ትገድላለህ። ልጅቷን ልትገድልብኝ ትችላለህ። ቁልፉን ስጠኝ።"

በጥፊ የተመታ ያህል ራሱን ወደ ኋላ ሳበ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራው አታውቅም፤ እንደጎዳችው አየች፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም። እጇን ዘርግታ ቆየች። ሰጣት።

"አሁን ሂጂ" አለ። "ብቻዬን ተይኝ።"

ወደ ወጥ ቤት ገባችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን አንሥታ ለልጇ ደወለች።

"ሚኒባሱን እንዳታስቀሪው። አባትሽ ከዛሬ ጀምሮ አይነዳም።"

"ምን ማለት ነው? ማነው ያለው?"

"እኔ ነኝ ያልኩት" አለች።

ከጋራዡ በኩል፣ በተዘጋው በር ውስጥ የካፒቴኑ ድምፅ መጣ። የተሰበረ ድምፅ ነበር።

"አባትሽም ብሏል በያት!"

"አባትሽም ብሏል" አለቻት።